መልሱን አስቀድሞ የሚያስጽፍ ሥልጠና፦ የአንጎል፣ የአንገትና የአከርካሪ ምስል ንባብ ትምህርት ግምገማ

ተከታታይ የሕክምና ትምህርት ለብዙዎቻችን ነጥብ የሚሰበሰብበት ግዴታ ሆኗል። ቪዲዮው በአንዱ ስክሪን እየሄደ በሌላው የዕለቱ ሪፖርት ይጻፋል፤ መጨረሻ ላይ ጥቂት ጥያቄዎች ይመለሳሉ፤ የምስክር ወረቀቱም ይወርዳል። እኔ ራሴ በዚህ መንገድ የጨረስኳቸው ሥልጠናዎች ጥቂት አይደሉም፤ ከአብዛኞቹ ዛሬ በአእምሮዬ የቀረው ርዕሳቸው ብቻ ነው። በቅርቡ ያጠናቀቅሁት፣ የአንጎል፣ የጭንቅላትና አንገት እንዲሁም የአከርካሪ ምስል ንባብን በሦስት ክፍሎች የሚያስተምር የበይነ መረብ ሥልጠና ግን ምስል የማነብበትን መንገድ ስለለወጠው፣ ጥንካሬውንም ጉድለቱንም በዝርዝር ለማስቀመጥ ወስኛለሁ።

ትምህርቱ የሚጀምረው በታካሚ ነው። ዕድሜው፣ የመጣበት ሕመምና ምልክቱ ከጀመረ የቆየበት ጊዜ ከተነገረ በኋላ ሙሉው ምርመራ ይከፈታል፤ ተማሪውም በሥራ ቦታው እንደሚያደርገው ስላይሶቹን ከላይ እስከ ታች እየተመላለሰ፣ ዊንዶውን (ምስሉ የሚታይበትን የጥቁርና የነጭ ልክ) እየቀያየረ ያነባል። ያየውን በራሱ ቃላት ጽፎ እስካላስገባ ድረስ የአስተማሪው ገለጻ አይከፈትም፤ አንዴ ያስገባውንም ማረም አይችልም። የምርጫ ጥያቄ ቢሆን ኖሮ ከአማራጮቹ አንዱ ዓይንን ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመራ ነበር። እዚህ የሚጠብቀን ባዶ ሳጥን ነው፤ በየቀኑ ሪፖርት ስንጽፍ ፊት ለፊታችን ያለውም ይኸው ነው።

በአንጎል ክፍል የመጀመሪያው ታካሚ ግራ ጎኑ ከደከመ ሁለት ሰዓት የሆነው ሰው ነበር። ያለ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት) የተነሣውን ሲቲ ስካን አይቼ «የደም መፍሰስ የለም፤ አዲስ ለውጥ አይታይም» ብዬ ጻፍሁ። አስተማሪዋ ገለጻዋን ስትጀምር ገና ምንም ሳትናገር የዊንዶውን ስፋት ከ80 ወደ 40 አጠበበችው፤ ኢንሱላ በተባለው የአንጎል ክፍል በግራ በኩል ጠርዙ ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው የግራጫው ክፍል መስመር በቀኙ በኩል እንደጠፋ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የሲቲ ስካን የጥግግት መለኪያ በሆነው በሐውንስፊልድ ውኃ 0 ሲሆን፣ በአንጎል ግራጫና ነጭ ክፍሎች መካከል ያለው ልዩነት በጥቂት አሃዶች ብቻ የሚለካ ነው። ደም የተቋረጠበት የአንጎል ክፍል ውኃ መያዝ ሲጀምር ይህች ትንሽ ልዩነት ትጠፋለች፤ በሰፊ ዊንዶው ላይ ደግሞ መጥፋቷ ከዓይን ያመልጣል። ከዚያ ወደ አስፔክትስ አለፈች፤ ይህም መካከለኛው የአንጎል ደም ቧንቧ የሚመግበውን ክልል በ10 ቦታዎች ከፍሎ፣ ከ10 ነጥብ በመነሣት ለተጎዳው እያንዳንዱ ቦታ 1 የሚቀንስ ስሌት ነው። ነጥቡ ለምን እንደሚያስፈልግም አልዘለለችውም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተሙት ጥናቶች የረጋውን ደም በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ማውጣት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሚጠቅም ካሳዩ በኋላ፣ በ2018 የታተሙት ዲፊዩዝ 3 እና ዶውን የተባሉት ጥናቶች በምስል ለተመረጡ ታካሚዎች ጊዜውን አንዱ እስከ 16፣ ሌላው እስከ 24 ሰዓት አራዝመውታል። ስለዚህ የእኔ «አዲስ ለውጥ አይታይም» በእውነተኛ ታካሚ ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ለሕክምናው ውሳኔ የሚያስፈልገውን መረጃ ባስቀረሁበት ነበር።

የውኃን እንቅስቃሴ ስለሚያሳየው የኤምአርአይ ዲፊውዥን ምስል የተሰጠውም ገለጻ ጥሩ ነው፤ ነጭ ሆኖ የታየ ነገር ሁሉ አዲስ ስትሮክ እንዳልሆነ፣ የዚያ እንቅስቃሴ ልክ በሚሰላበት የኤዲሲ ካርታ ላይ መጥቆሩ መረጋገጥ እንዳለበት፣ በመግል የተሞላ እብጠትም ይህንኑ መልክ ሊይዝ እንደሚችል በምሳሌ ያሳያል። የአንጎል ዕጢ ትምህርቱ ግን ጊዜ አልፎበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው አምስተኛው ምደባ በአዋቂዎች ላይ ግሊዮብላስቶማ (አደገኛ የአንጎል ዕጢ) የሚለውን ስም የአይዲኤች ጂን ለውጥ ለሌላቸው ዕጢዎች ብቻ ሲያውል፣ ገለጻው አሁንም በቀድሞው አጠራር ይሄዳል። ቲ2 በተባለው የኤምአርአይ ምስል ላይ በሙሉ ነጭ ሆኖ ፍሌር በተባለው ላይ መሐሉ የሚጠቁር ዕጢ የአይዲኤች ለውጥ ያለው አስትሮሳይቶማ (ሌላ የአንጎል ዕጢ ዓይነት) የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ እንደሆነ የሚጠቁመው ምልክትም አልተነሣም። ከቀዶ ሕክምና በፊት ልንሰጠው የምንችለው ጠቃሚ ፍንጭ በመሆኑ መቅረቱ አሳዝኖኛል።

የሥልጠናው ልብ የጭንቅላትና አንገት ክፍል ነው። አብዛኞቻችን የምንፈራው፣ ስሞቹን ለፈተና ሸምድደን ከፈተናው በኋላ የምንረሳው የሰውነት ክፍል ይህ ነው። አስተማሪው ስሞቹን ከመዘርዘር ይልቅ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል፦ ከጉሮሮ ጎን ያለው ስብ ወዴት ተገፋ? ከፓሮቲድ (ከጆሮ ሥር ካለው የምራቅ) ዕጢ የተነሣ እባጭ ስቡን ወደ ውስጥ፣ ከጉሮሮ ሽፋን የተነሣው ወደ ውጭ፣ ከካሮቲድ (ከአንገት የደም) ቧንቧ አካባቢ የተነሣው ወደ ፊት ይገፋዋል። የስቡን አቅጣጫ ያወቀ ሰው የእባጩን መነሻ ያውቃል፤ መነሻውን ሲያውቅ ደግሞ ሊሆኑ የሚችሉት በሽታዎች ቁጥር ወደ ሦስትና አራት ይወርዳል።

ከዚህ ክፍል የማልረሳው ጉንጯ የደነዘዘባትን፣ ከዓመታት በፊት የፊት ቆዳ ካንሰር ታክማ የነበረችውን ሴት ነው። የአንጎል ኤምአርአይዋን ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አይቼ ጤናማ ነው ብዬ ጻፍሁ። መልሱ የነበረው ከአንጎሉ በታች፣ ያለ ኮንትራስት በተነሣው ቲ1 ምስል ላይ ነው፤ በግራ በኩል ቴሪጎፓላታይን ፎሳ በተባለችው ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ስብ እንደሚጠበቀው ነጭ ሲሆን፣ በቀኝ በኩል በግራጫ ነገር ተተክቷል። ካንሰሩ የፊትን ስሜት የሚሸከመውን የትራይጀሚናል ነርቭ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ተከትሎ ወደ ራስ ቅሉ እየወጣ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፊት መደንዘዝ የተጻፈበት መጠየቂያ ሲደርሰኝ ከሁሉ አስቀድሜ ሁለቱን ጉድጓዶች ጎን ለጎን አያለሁ። በአዋቂ አንገት ጎን ላይ የወጣን ውኃ ያዘለ እባጭ ከልደት ጀምሮ የነበረ ነው ብሎ ከማለፍ በፊት ከቶንሲል ወይም ከታይሮይድ የተሠራጨ ካንሰር አለመሆኑን ማጣራት እንደሚገባ የተሰጠው ማሳሰቢያም ለብቻው ሥልጠናውን የሚያስወስድ ነው።

የአከርካሪው ክፍል ከዚህ ደረጃ በጣም ይወርዳል። ሙሉ ምርመራው አይከፈትም፤ ተመርጠው የተቆረጡ ምስሎች፣ ቀስት ተሰክቶባቸው በገለጻ ይታለፋሉ። ወደ ሕብለ ሰረሰሩ ሽፋን የገባ መግል ከነቀስቱ ሲቀርብ ማንም ያየዋል፤ ሌሊት ላይ፣ «የጀርባ ሕመም» ብቻ በተጻፈበት መጠየቂያ ሥር የሚያየው ግን መፈለግን የለመደ ሰው ነው። የዲስክ መንሸራተት ደረጃዎች አሰያየም በትክክል ተሰጥቷል። ነገር ግን ጀርባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች ተመርምረው 52 በመቶው ቢያንስ በአንድ ቦታ ያበጠ ዲስክ እንደተገኘባቸው እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመውን ታዋቂ ጥናት የሚያነሣ የለም። ይህን የማያውቅ አንባቢ እያንዳንዱን እብጠት እንደ በሽታ ይጽፋል፤ ታካሚውም ሪፖርቱን አንብቦ ጀርባው እንደተበላሸ አምኖ ይኖራል። በአዘጋጆቹ የአስተያየት ቅጽ ላይ ይህንኑ ጽፌላቸዋለሁ።

የማጠቃለያ ፈተናው ቁጥርና ስም የሚያስታውስን ሰው ያሳልፋል፤ ከሥልጠናው መንፈስ ጋር አይሄድም። ምስሎቹ በደካማ ኢንተርኔት ላይ ቀስ ብለው ይከፈታሉ፤ በስልክ መሞከሩም ከንቱ ድካም ነው፣ ጠባቡ የዊንዶው ለውጥ የሚታየው በጥሩ ሞኒተር ላይ ብቻ ነውና።

በራዲዮሎጂ ስፔሻላይዜሽን ላይ ላሉ ሐኪሞች፣ ሁሉንም ዓይነት ምስል ለሚያነቡ ራዲዮሎጂስቶች፣ የራሳቸውን ታካሚዎች ምስል ማየት ለሚወዱ የነርቭ ሐኪሞችም ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። በአንገቱ ክፍል ይጀምሩ፤ በቀን ከሁለት ታካሚ አይለፉ፤ ባዶውን ሳጥን በሁለት ቃል ሳይሆን ለሐኪም እንደሚላክ ሪፖርት በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሙሉት። የአከርካሪውን ክፍል ግን እስኪታደስ ድረስ መጨረሻ ላይ ያቆዩት።