ለ«ጋምፔራሊያ» የአማርኛ ሰብታይትል፦ ምስጋናና ጥቆማ

«ጋምፔራሊያ» የተባለውን የ1963 (እ.ኤ.አ.) የሲንሃላ (የስሪላንካ ቋንቋ) ፊልም በአማርኛ ሰብታይትል፣ ማለትም ምስሉ ላይ በሚወጣ የትርጉም ጽሑፍ፣ እንድናየው ላደረግሽልን እህታችን፣ እጅሽ ይባረክ። ተርጓሚ ለምትፈልጉ የፊልም ወዳጆችም ያለምንም ማመንታት እንጠቁማታለን። ለምን እንደሆነ በዝርዝር እንንገራችሁ።

ፊልሙን ሌስተር ጄምስ ፔሪስ የሠራው ከማርቲን ዊክራማሲንጌ ልብ ወለድ ተነስቶ ነው። ቀረጻው ከስቱዲዮ ውጭ፣ በደቡብ ስሪላንካ ባላፒቲያ፣ በአንድ አሮጌ የባላባት ቤት ውስጥ ተካሄደ። ያኔ የሲንሃላ ፊልም ያለ ዘፈንና ጭፈራ የሚታሰብ አልነበረም፤ እዚህ ግን ሁለቱም የሉም። ናንዳ የባላባት ልጅ ናት፤ ፒያል እንግሊዝኛ ያስተምራታል፤ ቤተሰቧ በዘር አይመጥነንም ብሎ ለሌላ ይድራታል። ፊልሙ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዴልሂ ላይ የሕንድ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫልን ዋና ሽልማት፣ የወርቅ ጣዎስን ተሸልሟል።

የሁለቱ ፍቅር አብዛኛውን የሚነገረው በዝምታ ነው፤ ሰብታይትል ሠሪን የሚፈትነውም ይኸው ዝምታ ነው። ጽሑፉ ግማሽ ሰከንድ ቢቀድም ተዋናይዋ አፏን ሳትከፍት መልሷን እናውቀዋለን። ከእንግሊዝኛው ሰብታይትል እየገለበጠ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ እንግሊዝኛ ግሱን ወደ ፊት ስለሚያመጣው የንግግሩ ፍሬ ቀድሞ ይወጣል። ሲንሃላ ግን እንደ እኛው ግሱን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል። እህታችን ረጅም ንግግርን ለሁለት ስትከፍል እሺታውም ሆነ እምቢታው በሁለተኛው ላይ፣ ከድምፁ ጋር እኩል ይወድቃል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ብዙ ቦታ አይገኝም።

ሌላው አክብሮት ነው። እንግሊዝኛው ለሎሌውም ለጌታውም አንድ ስለሆነ «አንቺ» ይሁን «እርስዎ» ከእሱ አይታወቅም። እሷ ማን ለማን ምኑ እንደሆነ በየትዕይንቱ ለይታ መዝግባ ነው ትርጉሙን የጀመረችው፤ በዚህም የመደብ ልዩነቱ ከንግግሩ ይሰማል።

ምስሎቹን ቆርጣ የቀጠለችው የፊልሙ ኤዲተር ሱሚትራ ፔሪስ አንድን ፊት ረጋ ብላ ታቆየዋለች። ስለዚህ ሰብታይትሉ ምስሉ ሲቀየር አብሮ መጥፋት አለበት፤ ወደ ቀጣዩ ምስል ከተሻገረ ዓይን አዲስ ጽሑፍ መስሎት እንደገና ያነበዋል። እህታችን ከሁለት መስመር አታልፍም። ፊደላችን ሰፊ በመሆኑ በአንድ መስመር 30 ያህል ፊደል ይበቃታል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነና ነጭ ልብስ ስለሚበዛበት ነጩ ጽሑፍ እንዳይዋጥ ዙሪያውን በቀጭን ጥቁር ከብባዋለች።

ሥራ የምትሰጧት ከሆነ የምታሳዩትን የቪዲዮ ፋይል ራሱን ላኩላት። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ለሚሄድ ቅጂ የተሠራ ሰብታይትል 25 በሚሄደው ላይ ሲጫን በ100 ደቂቃ ፊልም መጨረሻ ላይ 4 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። መነሻውን ብቻ ማስቀደም አያስተካክለውም፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚወጣበትና የሚጠፋበት ሰዓት በሙሉ በ24/25 መባዛት አለበት። የምትሰጣችሁን ፋይል ከፍታችሁ ካስተካከላችሁ ደግሞ የግዕዝ ፊደልን በሚይዘው የጽሑፍ አቀማመጥ፣ በዩቲኤፍ-8 (UTF-8) አስቀምጡት፤ አለዚያ ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። ማሳያው ኮምፒውተር ላይም የግዕዝ ፎንት መኖሩን ቀድማችሁ እዩ፤ ከሌለ ባዶ ሳጥን ነው የሚደረደረው።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ እሷን ጠይቀን እናገናኛችኋለን።