ካነን ኤልቢፒ 6030 እና የደሴ ክረምት፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ቤቴ ሆኜ የነጋዴ ሒሳብ እሠራለሁ፤ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ። ዓመቱን ሙሉ ብዙ አላትምም። ሐምሌ ሲገባ ግን የግብር ሰሞን ነውና ፕሪንተሩ እረፍት የለውም። ጣጣው ሐምሌ የጭጋግና የዝናብ ወርም መሆኑ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ስለተጻፈው ነገር ብዙ አልልም፤ ክረምቱን እንዴት እንዳለፈው ልንገራችሁ።

ካነን ኤልቢፒ 6030 ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያትም ትንሽ ሌዘር ፕሪንተር ነው። በደቂቃ 18 ገጽ ያወጣል፤ ለቤት ይበቃል። የሚሠራው በዩኤስቢ ገመድ ነው፤ ዋይፋይ የምትፈልጉ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ደብሊው» ያለበትን ጠይቁ። ሌዘር የመረጥኩት፣ አንደኛ፣ በፈሳሽ ቀለም የሚያትም ፕሪንተር ሳይሠራ ከከረመ ቀለሙ አፉ ላይ ስለሚደርቅ ነው። የእኔ ሥራ ደግሞ ጠፍቶ ጠፍቶ ባንዴ የሚመጣ ነው። ሁለተኛ፣ ቶነር በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ የሚጣበቅ የፕላስቲክ ዱቄት ነው። ደንበኛዬ ሰነዱን ይዞ በካፊያ ፒያሳ ድረስ ቢሄድ ጽሑፉ አይፈስም።

ሞዴሉን ያስመረጠኝ ግን ቶነሩ ነው። ቶነሩን የሚይዘው ዕቃ፣ ካርትሪጁ፣ 725 ይባላል። ከኤችፒ 85ኤ ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ለሁለቱም የሚሆን ተመሳሳይ ካርትሪጅ ገበያ ላይ አለ፤ ቶነር የሚሞሉ ልጆችም ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱታል። ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ቶነሩ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ፕሪንተር፣ የግብር ማብቂያው ሲደርስ ያልቅና ጉድ ይሠራችኋል። አዲሱ ማሽን ይዞት የሚመጣው ካርትሪጅ ለ700 ገጽ ያህል ነው። ሙሉው 1600 ገጽ ይላል፤ ከሦስት ደስጣ ትንሽ ከፍ ማለት ነው። ይህ ግን ከገጹ 5 በመቶው ብቻ በጽሑፍ ሲሸፈን የወጣ ስሌት ነው። ሠንጠረዥ የሚያበዛ እንደኔ ያለ ሰው ቀድሞ ይጨርሰዋል።

ማስሞላት ያዋጣል፣ ግን ልክ አለው። ድራሙ፣ ማለትም ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ሲሊንደር፣ ካርትሪጁ ውስጥ ስለሆነ በተሞላ ቁጥር ያው አሮጌ ድራም ነው የሚሠራው። የተረፈው ዱቄት የሚጠራቀምበት ቦታም ካልተራገፈ ገጹ ላይ ግራጫ መስመር ይመጣል። እኔ ሁለት ጊዜ አስሞልቼ በሦስተኛው አዲስ እገዛለሁ። ለገቢዎች የሚገባ ሰነድ ላይ መስመር አልፈልግም።

አሁን ወደ ጭጋጉ። ሐምሌ ላይ ወረቀቱ እየተጠቀለለ መውጣት ጀመረ፤ አንዳንዴ ሁለት ሁለት እየሳበ ይነክስ ነበር። ቶነር የሚሞላልኝ ልጅ ማሽኑን ከፍቶ እንኳ አላየውም። «ጋሼ፣ ወረቀቱን የት ነው የሚያስቀምጡት?» አለኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ ወረቀት እንደ ጨው እርጥበት ይስባል። የዚህ ማሽን ወረቀት ማስቀመጫ ፊት ለፊት ነው፤ 150 ወረቀት ይይዛል፤ ሙሉ አድርጎ ማሳደር ለጭጋግ መስጠት ነው። አሁን ለዕለቱ የሚበቃኝን ብቻ አደርጋለሁ። የቀረው ከነማሸጊያው ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ያድራል። ከማተሜ በፊት ወረቀቱን ጫፉን ይዤ አራግፈዋለሁ። ሴቲንጉ ላይ ደግሞ የወረቀቱን ዓይነት «ፕሌይን ኤል» ማድረግ መጠቅለሉን በደንብ ይቀንሰዋል። ኮምቦልቻ ያለው የእህቴ ልጅ ይህንኑ ማሽን ይዞ ይህን ችግር አያውቀውም። እነሱ ጋ ሙቀት ነው፤ የእሱ ጭንቀት አቧራ ነው።

መብራት ሌላው ፈተና ነው። ሌዘር ወረቀቱን የሚተኩስበት ክፍል ሲሞቅ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ማታ ላይ የክፍሌ አምፖል ብልጭ ሲል አየዋለሁ። በዚህ ምክንያት ለኮምፒውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ አትሰኩት። ዩፒኤስ አምራቾቹ ራሳቸው አይመክሩትም። እኔ በስታብላይዘር ብቻ ነው የምጠቀመው። መብራት መሐል ላይ ከጠፋ ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል። ያኔ ክዳኑን ከፍቶ፣ ካርትሪጁን አውጥቶ፣ ወረቀቱን በሁለት እጅ ቀስ አድርጎ መሳብ ነው። ዱቄቱ ገና አልቀለጠምና እጅ ያጠቁራል። በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፤ ሙቅ ውሃ ያጣብቀዋል።

የሚጎድለው? በሁለቱም ገጽ በራሱ አያትምም። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ገጾች አውጥቼ፣ ወረቀቱን ገልብጬ፣ ተጋማሽ ቁጥር ያላቸውን እልካለሁ። ለአሥር ገጽ ምንም አይደለም፤ ለአንድ ሙሉ የሒሳብ ሪፖርት ግን ያሰለቻል። ፎቶ ኮፒና ስካንም የለውም፤ መታወቂያ ኮፒ ለማድረግ አሁንም ሱቅ እሄዳለሁ።

ሥራዬ ከበዛ ቀጣዩ ድራሙና ቶነሩ የተለያዩበት፣ በሁለት ገጽ የሚያትም የብራዘር ኩባንያ ፕሪንተር ይሆናል። ያ ዓይነቱ ቶነር ሲያልቅ ድራሙ አብሮ አይጣልም። ከመግዛቴ በፊት ግን ፒያሳ ያሉትን ሱቆች ዞሬ ቶነሩ መደርደሪያ ላይ መኖሩን አያለሁ። «እናስመጣልሃለን» ካሉኝ ካነኑን ይዤ እቀጥላለሁ።