ከምሽት እስከ ንጋት፦ አምስት አስፈሪ ፊልሞች በአንድ ሌሊት

አስፈሪ ፊልም ለብቻው ሲታይና በተርታ ሲታይ አንድ አይደለም። ብቻውን ሲታይ ክው የሚያደርግ ፊልም ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ አራተኛ ሆኖ ሲገባ ሰውን በእንቅልፍ ሊጥል ይችላል። ፍርሃት ይደክማል፤ ከዓይን ቀድሞ የሚደክመው ደግሞ ጆሮ ነው። አብዛኛውን ማራቶን የሚያበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ጯሂው ፊልም መጀመሪያ ይገባና ጸጥተኛው መጨረሻ ላይ ሰሚ ያጣል። ስለዚህ እነዚህ አምስት ፊልሞች እዚህ የሚመዘኑት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በራሳቸው፣ አንዴ በሌሊቱ ውስጥ ባላቸው ቦታ።

ተርታው ይህ ነው፦ ሃሎዊን (1978፣ 91 ደቂቃ)፣ ኤ ኳይት ፕሌስ (2018፣ 90 ደቂቃ)፣ ሄሪዲታሪ (2018፣ 127 ደቂቃ)፣ ዘ ቲንግ (1982፣ 109 ደቂቃ)፣ ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ (1968፣ 96 ደቂቃ)። ድምሩ 513 ደቂቃ ነው። በመሃል የ10፣ የ15፣ የ30 እና የ15 ደቂቃ ዕረፍት ሲጨመር 583 ደቂቃ፣ ማለትም 9 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ይሆናል። የመጀመሪያውን ሰዓት ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቆጥረው ያግኙት። የመጨረሻው ፊልም ከንጋት ጋር ማለቅ አለበት፤ ምክንያቱን በቦታው እናየዋለን። ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ የምትወጣ ከሆነ ሃሎዊን ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ይጀመራል።

ስለ ቴሌቪዥኑ አስቀድሞ መነገር ያለበት ነገር አለ። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው የሚቀረጸው። ብዙ ቴሌቪዥኖች ግን በፍሬሞቹ መካከል ሌላ ምስል ፈጥረው እየጨመሩ እንቅስቃሴውን ያለሰልሱታል። ያኔ የሲኒማው መልክ ይጠፋና ሁሉም ነገር የስቱዲዮ ድራማ ይመስላል፤ ጭራቁም ሜካፕ የተቀባ ሰው ሆኖ ይታያል። ይህን ማለስለሻ ያጥፉት። ኃይል ቆጣቢውንም ያጥፉት፤ ጨለማውን ትዕይንት ይብስ ያጨልመዋል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፦ በርካታ ቴሌቪዥኖች ለ4 ሰዓት ሪሞታቸው ካልተነካ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ፊልሙ የሚመጣው ከላፕቶፕ ከሆነ ሪሞቱን የሚነካ የለም፤ በዚህ ተርታ 4 ሰዓት የሚሞላው ደግሞ ሄሪዲታሪ ከተጀመረ 34ኛው ደቂቃ ላይ ነው። ፊልሙን የሚያውቅ ሰው ያ ሰዓት ለመቋረጥ ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ይገባዋል።

ሃሎዊን ላይ ዛሬ የሚሰማው ቅሬታ አንድ ነው፤ «አያስፈራም፣ ደም እንኳ የለውም» ይባላል። ስለ ደሙ እውነት ነው፤ ጥቂት ነው። የፊልሙ ፍርሃት ያለው ግን በምስሉ ዳርና ዳር ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ካርፔንተር የቀረጸው በሰፊው ስክሪን ልክ፣ ለ1 ቁመት 2.35 ወርድ ተሰጥቶ ነው፤ ገዳዩም ብዙ ጊዜ የሚቆመው ጥግ ላይ፣ ከአጥር ጀርባ ወይም ከመስኮት ማዶ ነው። ከላይና ከታች ያለውን ጥቁር መስመር ለማጥፋት ምስሉን በዙም ከሞሉት ጥጎቹ ይቆረጣሉ፤ የሚቀረው አንዲት ልጅ መንገድ ላይ ስትሄድ የሚያሳይ ፊልም ነው። «አላስፈራኝም» ያለን ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በምን ቅንብር እንዳየው ነው። ሙዚቃውን የሠራውም ካርፔንተር ራሱ ነው፤ በአምስት ምት የሚሄድ በመሆኑ ጆሮ በለመደው በአራተኛው ምት ላይ አያርፍም፣ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ የጎደለ ይመስላል። ገዳዩ የሚያጠልቀው ነጭ ጭምብል የአንድ የታወቀ ተዋናይ ፊት ያለበት ተራ የመደብር ጭምብል ነበር፤ የዓይኑን ቀዳዳ አስፍተው ነጭ ቀለም ቀቡትና የሰው መልክ አጠፉበት። ለቴሌቪዥን ሥርጭት ተብሎ ኋላ የተቀረጹ ትዕይንቶች የተጨመሩበት ረዘም ያለ ቅጂም አለ፤ ለማራቶን አይሆንም፣ ግስጋሴውን ይሰብረዋል። ለብቻው ከ10 8 እሰጠዋለሁ። ለመክፈቻነት ግን 10 ነው፤ ታሪኩ ቀላል ስለሆነ አርፍዶ የገባ ሰው አይጠፋበትም፣ ትንሽ ወሬም ይችላል።

ፈንዲሻውም ቺፕሱም እዚህ ፊልም ላይ ይለቅ። ቀጣዩ ኤ ኳይት ፕሌስ ነው፤ በድምፅ የሚያድኑ ፍጡሮች ባሉበት ዓለም አንድ ቤተሰብ ትንፋሹን ውጦ ይኖራል። በእንዲህ ዓይነት ፊልም የፌስታል ኮሽታ ከጭራቁ ይበልጣል። ከዚህ በኋላ ሳህን ላይ የሚቀርበው ለስላሳ፣ ኩርሽም የማይል ነገር ብቻ ይሁን። ሰው ገና ንቁ ስለሆነ ጸጥታውን መሸከም የሚችለው በዚህ ሰዓት ነው። ይኸው ፊልም ሌሊቱ ከገፋ በኋላ ቢገባ ግማሹ ታዳሚ ማንኮራፋት ይጀምራል።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ የድምፅ ልኩ ላይ ነው። መክፈቻው ዝም ያለ በመሆኑ ሰው ሪሞቱን አንስቶ ድምፁን ይጨምራል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጆሮው ይደነቁራል። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት አባትና ልጁ ፏፏቴው አጠገብ የሚነጋገሩበትን ትዕይንት ከፍተው ንግግሩ ሳያስጨንቅ በሚሰማበት ላይ ያቁሙት፤ ከዚያ ማንም አይንካው። የቴሌቪዥኑ ወይም የስፒከሩ «የሌሊት ድምፅ» የሚባለው ቅንብር ጸጥታውን ከፍ፣ ፍንዳታውን ዝቅ አድርጎ ሁለቱን ስለሚያቀራርብ ለዚህ ፊልም መርዝ ነው። የሴት ልጅየውን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው ሚሊሰንት ሲሞንድስ በእውነተኛ ሕይወቷም መስማት የተሳናት ናት፤ ታሪኩ በእሷ ጆሮ ሲቀርብ ድምፁ ይለወጣል፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ይጠፋል። ያኔ ስፒከሩ የተበላሸ መስሎት የሚነሳ ሰው አይጠፋምና አስቀድመው ይንገሩ። የምልክት ቋንቋውን የሚተረጉመው ጽሑፍ የሌለበት ቅጂም ስለሚያጋጥም የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች አስቀድሞ መፈተሽ ይገባል።

«ታዲያ ለምን ፏፏቴው አጠገብ ቤት አይሠሩም?» የሚለው የተመልካቾች ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ፊልሙም አይመልሰውም። ሆኖም ጥያቄው ትዝ የሚለው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው። እናትየው ምጥ ላይ ሆና ድምፅ ላለማሰማት ስትታገል ስለ ፏፏቴ የሚያስብ ሰው የለም፤ ለእኔ ይህ በቂ ነው። ለብቻው 8፣ በሁለተኛ ቦታ 9።

የሌሊቱ ከባዱ ጭነት ሄሪዲታሪ ነው። የዳይሬክተሩ የአሪ አስተር የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል። ቶኒ ኮሌት የምትጫወታት እናት ጥቃቅን ቤቶችንና ክፍሎችን በሞዴል የምትሠራ አርቲስት ናት። ካሜራውም ቤተሰቡን እንደዚያው በአሻንጉሊት ቤት ውስጥ እንዳሉ አድርጎ ስለሚያያቸው፣ ሌላ እጅ እያንቀሳቀሳቸው እንደሆነ ማንም ሳይነግረን ይገባናል። «ግማሹ አሰልቺ ነው፣ የቤተሰብ ጭቅጭቅ ነው» የሚሉ አሉ። ያ ጭቅጭቅ ግን የፊልሙ ዋና ሥራ ነው፤ ራት ገበታ ላይ እናትና ልጅ የሚነጋገሩት ነገር ከማንኛውም ጭራቅ የከፋ ነው። እሱን በንቃት ያላየ ሰው መጨረሻው «ከየት መጣ?» ይሆንበታል። ሦስተኛ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ሁለት አጫጭር ፊልሞች ሰውን ጸጥ አሰኝተውታል፣ እንቅልፍ ግን ገና አልመጣም።

በቴክኒክ በኩል ደግሞ ከአምስቱ በጣም አስቸጋሪው ይኸው ነው። ጨለማው ውስጥ የተደበቁ ነገሮች አሉ፤ ካሜራው ዝም ብሎ ይቆማል፣ ሙዚቃውም አይጠቁምም፣ አንዱ አይቶ ይጮሃል፣ አጠገቡ ያለው ምንም አላየም። ወደ መጨረሻው ልጁ መኝታ ክፍሉ ውስጥ በጨለማ በሚነቃበት ትዕይንት ላይ ያቁሙና ከበስተጀርባው ያለው ግድግዳ ላይኛው ጥግ ይለይ እንደሆነ ይመልከቱ። ካልተለየ ብርሃኑን አንድ አንድ ነጥብ እየጨመሩ ይሞክሩ፤ ከላይና ከታች ያለው ጥቁር መስመር ወደ ግራጫ መሄድ ሲጀምር ግን አልፏልና አንድ ነጥብ ይመልሱ። ኢንተርኔቱ ሲደክም ስትሪሚንግ ጨለማውን ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይለውጠዋል፤ ለዚህኛው ፊልም ዲስክ ወይም ቀድሞ የወረደ ቅጂ ይሻላል። የኮሊን ስቴትሰን ማጀቢያ ደግሞ ከታች በሚያጉረመርም ወፍራም ድምፅ የተሞላ ነው፤ የቴሌቪዥኑ የራሱ ትንሽ ስፒከር ይህን አያወጣውም። ቤዝ ያለው ስፒከር ካለ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከስክሪኑ ጀርባ ደካማ መብራት ማብራት ዓይንን ያሳርፋል፣ ወደ ስክሪኑ ግን ማብረቅ የለበትም።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ይህ ፊልም ስለ ሐዘን ነው፤ በቅርቡ ሰው የሞተበት ተጋባዥ ካለ ሳይነግሩት አያስቀምጡት። በምትኩ የጆርዳን ፒል ጌት አውት (2017) ይግባ፤ 104 ደቂቃ ነው፣ ለኦሪጂናል ስክሪፕቱ ኦስካር የወሰደ ሥራ ነው፣ ሳቅም አለው። 23 ደቂቃ ስለሚያጥር መጀመሪያውን ሰዓት በዚያው መጠን ያዘግዩት። ሄሪዲታሪ ለብቻው 9 ነው፤ ሦስተኛ ሲሆን 9፣ መጨረሻ ላይ ከተወረወረ 4።

የ30 ደቂቃው ዕረፍት ከዚህ በኋላ ነው። መብራት ይብራ፣ መስኮት ይከፈት፣ ትኩስ ነገር ይቅረብ፤ ቡና ለሚፈልግ ሰዓቱ አሁን ነው።

ከዚያ ዘ ቲንግ። ከሄሪዲታሪ ጨለማ በኋላ የአንታርክቲካ በረዶ ስክሪኑን ነጭ በነጭ ሲያደርገው የከበደ ዓይን ይከፈታል። ካርፔንተር ይህን ታሪክ ከመሥራቱ በፊት ይወደው እንደነበር ማስረጃው ሃሎዊን ውስጥ አለ፤ ልጆቹ በቴሌቪዥን የሚያዩት በዚሁ ታሪክ ላይ የተመሠረተውን የ1951ዱን ፊልም ነው። አስተውሎ ያየ ታዳሚ አሁን ይይዘዋል። የማንንም መልክ መያዝ የሚችል ፍጡር በአንድ የምርምር ጣቢያ 12 ወንዶች መካከል ይገባል፤ ከዚያ ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም። የሮብ ቦቲን የሜካፕና የአሻንጉሊት ሥራ በኮምፒውተር የተሠራ አይደለም፤ የሚያብረቀርቀውም የሚዘረጋውም ነገር እዚያው ካሜራው ፊት ነበር፣ ዛሬም ድረስ ሆድ ያላውሳል። የውሻው ቤት ትዕይንት ላይ ያለው ፍጡር ብቻ የስታን ዊንስተን ቡድን ሥራ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ተቺዎች ቀጠቀጡት፤ ስለ ደግ የሌላ ዓለም ፍጡር ከሚተርከው «ኢ.ቲ.» ሁለት ሳምንት በኋላ ነበር የወጣው፣ የተመልካቹ ልብ ገና እዚያ ነበር።

እዚህ የተለመደው ችግር ስም ነው። ሁሉም ጃኬት የለበሱ፣ አብዛኞቹ ጢማም ናቸው፤ ደክሞት የሚያይ ሰው ይደባለቁበታል። አራት ስም መያዝ ይበቃል፦ ፓይለቱ ማክሬዲ፣ ተገዳዳሪው ቻይልድስ፣ ሳይንቲስቱ ብሌር፣ ሐኪሙ ኮፐር። መክፈቻው ላይ ኖርዌጂያኑ የሚጮኸውን ፊልሙ አይተረጉመውም፤ የሚተረጉም ሰብታይትል ካጋጠመ ያጥፉት፣ ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘረግፈዋል። በሁለቱም ሚዛን 10 ነው። የደም ምርመራው ትዕይንት ላይ የሚተኛ ሰው የለም።

ያልገቡትን ባጭሩ፦ ዘ ሻይኒንግ ትልቅ ፊልም ነው፣ ነገር ግን የአሜሪካው ቅጂ 144 ደቂቃ ነው፤ የራሱን ሌሊት ይፈልጋል። ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት 81 ደቂቃ ብቻ ቢሆንም በእጅ የተያዘው ካሜራ ትልቅ ስክሪን አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ያጥወለውላል፣ በዚህ ሰዓት ደግሞ ይብሳል። አምስት ሰዓት ብቻ ላለው ሰው አንደኛው፣ ሁለተኛውና አምስተኛው በሁለት ዕረፍት 302 ደቂቃ ይሆናሉ፤ ጥሩ ሌሊት ነው።

መዝጊያው ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ። የመጀመሪያ ስሙ ሲቀየር አዲሱ ርዕስ ላይ የቅጂ መብት ማስታወቂያው ሳይጻፍ ቀረ፤ በዚህም ፊልሙ የማንም ሆኖ ማንም ያባዛው ጀመር። ለዚህ ነው በየቦታው የደበዘዘ፣ ድምፁ የታፈነ ቅጂ የሞላው። ከዋናው ኔጋቲቭ የታደሰውን ባለ 4ኬ ቅጂ ይፈልጉ፤ በቀለም የተነከሩትን ቅጂዎች አይንኩ፤ አዲስ ትዕይንትና ሙዚቃ የተጨመረበትን የ1999 ቅጂም እንዲሁ። «ዞምቢዎቹ ይንቀራፈፋሉ» የሚለው ቅሬታ ትክክል ነው። ዞምቢ የሚለው ቃል ግን ፊልሙ ውስጥ አንዴም አይነገርም፣ አደጋውም ከውጭ ካሉት ይልቅ ሰዎቹ ሸሽተው በተዘጉበት ቤት ውስጥ ነው፤ ምድር ቤት እንግባ ወይስ ላይ እንቆይ በሚለው ክርክር ሰው ይጠፋል። ድዌን ጆንስ ቤንን ሲጫወት የነበረው እርጋታ፣ በ1968 አሜሪካ ጥቁር ተዋናይ የእንዲህ ያለ ፊልም መሪ ሆኖ መታየቱ፣ ከዚያም ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሮሜሮ የመረጠው ፍጻሜ፣ እነዚህ ሦስቱ ተደምረው ፊልሙን 10 ያደርጉታል።

ፊልሙ የሚያልቀው በንጋት ነው። መስኮቱ ላይ እውነተኛው ብርሃን ሲመጣ ስክሪኑም ላይ ይነጋል፤ ሌሊቱ ሙሉ የተሰላው ለእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ስሞቹ መታየት ሲጀምሩ መጋረጃ ለመክፈት አይነሱ፤ ከስሞቹ ጋር የሚያልፉት ሻካራ ፎቶዎች የታሪኩ የመጨረሻ ክፍል ናቸው።