የፍሬሽማን ሎጂክ ሞጁል፦ ለይዘቱ 4 ኮከብ፣ ለኮፒው 2

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ፍሬሽማን ናት። «ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ» የሚባለውን ሞጁል ስድስት ኪሎ አካባቢ ካለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አስጠርዤ ገዛሁላት። ከ2012 ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። እሷ ሳትጨርሰው እኔ ጨረስኩት።

ሞጁሉ ቤት በገባ በሳምንቱ ሰላም አጣን። ልጅቷ እንደ ሁሉም ሰው ቀጥታ የዘለለችው ወደ ፋላሲዎቹ ነው፤ ለእያንዳንዱ የክርክር ስህተት ስም አለው፣ አንዳንዱም ላቲን ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ እናቴን «ጨው አታብዢ፣ ለግፊትሽ ጥሩ አይደለም» አለቻት። «አንቺ ሌሊት ሌሊት የምትበዪው ኢንዶሚ ጨው የለውም?» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ ይሄ ቱ ኩኦኩዌ ይባላል። ፋላሲ ነው።»

«የምን ኩኩ ነው ደግሞ?»

«እኔ ጨው መብላቴ ያልኩሽን ውሸት አያደርገውም ማለቴ ነው።»

እናቴ ትንሽ አሰበችና «እሱስ እውነትሽን ነው። ኩኩውን ትተሽ መጀመሪያውኑ እንዲህ ብትዪኝ ይገባኝ ነበር» አለቻት።

የሞጁሉም ችግር፣ የአንባቢዎቹም ችግር እዚህ ጋ ነው። ስሙን ያወቀ ሰው መልስ የሰጠ ይመስለዋል። ቲክቶክ ላይቭ ላይ ግቡና እዩ፤ «እስኪ በሎጂክ እንነጋገር» ያለ ሰው ቀጥሎ የሚያወርደው ስድብ ነው። ፖለቲካ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ዛሬ የተፈጸመ በደል ሲያነሳ «ያኔስ የት ነበርክ?» ይባላል። አለቀ። ፊልሙ አይረባም ብትል «አንተ ስንት ሠራህ?» ነው። ሞጁሉ እነዚህን በደንብ ይለይልሃል። ግን «የት ነበርክ» ሁሌ ስህተት አይደለም እኮ! ሰውየው «እኔን እመኑኝ፣ ሁሌም ለተበደለ የቆምኩ ነኝ» ካለ፣ የት እንደነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው፣ ወሬው ስለራሱ ነዋ። ደግሞ ክርክሩ ተበላሸ ማለት መደምደሚያው ውሸት ነው ማለት አይደለም። ይሄን የሚረሳው ሰው ብዛቱ!

ማንም የማያነበው ምዕራፍ 2 ነው፣ ለኔ ግን ብሩን የሚያወጣው እሱ ነው። የትኛው መነሻ፣ የትኛው መደምደሚያ እንደሆነ መለየት ያስተምራል። «ወፍ ሁሉ ይበራል፣ ሰጎን ወፍ ናት፣ ስለዚህ ሰጎን ትበራለች።» አካሄዱ እንከን የለውም፣ ቫሊድ ነው። ሰጎን ግን አትበርም፣ ምክንያቱም መነሻው ውሸት ነው። አንደበተ ርቱዕ ተንታኝ በሰማሁ ቁጥር አሁን ይቺ ሰጎን ትመጣብኛለች። የድሮው የበላ ልበልሃ ሙግትም ምሳሌ ሆኖ ቢገባበት ደስ ባለኝ፤ በቅሎና ማር እያስያዘ የሚሟገት ሰው ቃሉን እንዴት እንደሚመርጥ አስቡት።

አሁን ወደ ኮፒው። ወረቀቱ ስስ ነው፣ የጀርባው ጽሑፍ ይታያል። መጨረሻ ላይ ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1880 ያወጣቸው ክብ ክብ ስዕሎች አሉ፤ እዚያ ላይ የጠቆረ ቦታ «እዚህ ውስጥ ምንም የለም» ማለት ነው። የኔ ኮፒ ላይ ቀለሙ ፈሶ ሁሉም ክብ ጠቁሯል። በኔ ሞጁል መሠረት ዓለም ባዶ ናት።

ይባስ ብሎ 4 ገጽ ጎድሏል። ከእህቴ ጋር ተመልሰን ሄድን። ልጁ «ከዚህ ኮፒ ስንት ሰው ወሰደ፣ ማንም ምንም አላለም» አለን። እህቴ እጅጌዬን ጎተት አድርጋ «ባንድዋገን!» አለችኝ በሹክሹክታ፤ «ሰው ሁሉ ተቀብሎታልና ልክ ነው» የሚለው ፋላሲ መሆኑ ነው። ዝም በይ አልኳትና «ወንድሜ፣ ከ112 ቀጥሎ 117 ነው፣ ይኸው» ብዬ ከፍቼ አሳየሁት። አገላብጦ አየና አራቱንም ገጽ ኮፒ አደረገልን።

የጥረዛውን ግን ድጋሚ አስከፈለን።