ዲግሪ ወይስ ማተሚያ ቤት? ግራፊክ ዲዛይን ለሚመርጥ የደሴ ወጣት

አንዱ መንገድ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ መሄድ ነው። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ሌላው ደሴ ፒያሳ ካለ ማተሚያ ቤት ገብቶ ከባለሙያ ሥር መልመድ ነው።

ማተሚያ ቤት ቶሎ እጅ ያፍታታል። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የደመቀው ሰማያዊ በአራቱ የኅትመት ቀለሞች ሲወጣ ለምን እንደሚደበዝዝ፣ በጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ካልተተወ መቁረጫው ለምን ነጭ መስመር እንደሚያስቀር፣ ወረቀት ያበላሸ ሰው አይረሳውም። ገቢም አለው፤ ለሻይ የምትበቃም ብትሆን። ችግሩ የሠርግ ካርድና ባነር ላይ መቅረት ነው። ደንበኛ «የአምናውን ድገምልኝ» ሲል፣ የተሻለውን አሳይቶ ለማሳመን የሚያበቃ ዕውቀት በዚያ ጥድፊያ መሀል አይገኝም።

ዲግሪው ጊዜ ይሰጣል፦ ለሥዕል፣ ለጥበብ ታሪክ፣ ሥራን አቅርቦ ለመተቸት። ከ200 በላይ ቅርጾች ላሉት ፊደላችንም እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። የቤተሰብ አቅም ከፈቀደ ለዲግሪው አደላለሁ። ማተሚያ ቤቱን የመረጠ ግን የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችን የማሸጊያ ሥራ ያነጣጥር፤ ማታ ማታም እርሳሱን አይጣል።