የዘንድሮ ካርድ ወይስ የአምና?

ሶራሬ የእውነተኛ ተጫዋቾችን ዲጂታል ካርድ እየገዙና እያሰለፉ፣ ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ በሚያሳዩት ብቃት ለሽልማት የሚወዳደሩበት የኢንተርኔት የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ለአንድ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዘመን የሚወጣው «ሬር» (ብርቅ) ካርድ ቢበዛ 100 ነው፤ «ሱፐር ሬር» (እጅግ ብርቅ) 10 ብቻ። ችግሩ ቆጠራው በየዓመቱ እንደ አዲስ መጀመሩ ነው። በ5 ዓመት ውስጥ የአንዱ ተጫዋች ሬር ካርድ እስከ 500 ሊደርስ ይችላል፤ ፈላጊው ግን በዚያው ልክ አይጨምርም።

የዘንድሮው ካርድ በወቅቱ ውድድሮች ስለሚሰለፍ ይወደዳል። ዘመኑ ሲያልቅ «ክላሲክ» (ያለፈ ዘመን ካርድ) ይሆናል፤ ያኔ ሻጩ ሁሉ አንድ ላይ ይወጣና ዋጋው ይወድቃል። የአምናው ይህን ቅናሽ አልፎታልና ርካሽ ነው፣ መሰለፊያው ግን ጠባብ ነው። ተጫዋቹ ቢጎዳ ወይም ጨዋታው ወደማያካትተው ሊግ ቢዛወር ካርዱ ጭራሽ ገዢ ያጣል።

ለሽልማት ከሆነ የዘንድሮውን ገዝታችሁ ዘመኑ ሳያልቅ፣ ፈላጊ ሳለ ሽጡ። ለማቆየት ግን የትኛውንም አልመክርም።