ትልቁን ባትሪ ስፈራ ትንሿ ጉድ ሠራችኝ

ኤሌክትሪክ መኪናዬን የገዛሁት ሞዴሏ ለገበያ በቀረበ በአራተኛው ወር ነው። ከያዝኳት 11 ወር ሆነኝ፤ 19,000 ኪሎሜትር ነድቻታለሁ። ልገዛ ነው ያልኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ «ባትሪው ቢሞትስ?» እኔም እንቅልፍ ያጣሁት በዚያው ነው። ሻጩን ያደረቅኩት ሞተሩን ስለሚያሠራው ትልቁ ባትሪ በመጠየቅ ነበር።

ትልቁ ባትሪ እስካሁን አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ያስቸገረችኝ ትንሿ ናት።

ኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ቤንዚኑ 12 ቮልት ባትሪ አለው። የበሩን ቁልፍ፣ ስክሪኑንና ኮምፒውተሮቹን የምታሠራው እሷ ናት። ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ማብሪያም ኃይል የሚያገኘው ከእሷ ነው። እሷ ከሞተች ከእግራችሁ ስር ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ ተኝቶ መኪናው ንቅንቅ አይልም።

በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ምድር ቤት ወዳለው ፓርኪንግ ወረድኩ። ወትሮ ስጠጋ ብቅ የሚለው የበር እጀታ ዝም አለ። ነካ አደረግኩት፣ ዝም። ሪሞቱን ተጫንኩ፣ ዝም ጭጭ። ሪሞቱ ሆድ ውስጥ ትንሽ የብረት ቁልፍ እንዳለች ትዝ ያለኝ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው። የቁልፉ ቀዳዳ ደግሞ በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኗል። ክዳኑን በጥፍሬ ስፈለቅቅ ያየኝ ሰው ሌባ ነው ቢል አልፈርድበትም። እንደምንም ገብቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። ጎረቤቴ የባትሪ ማስነሻውን አምጥቶ ገመዱን ሲያገናኝ ስክሪኑ ምንም እንዳልተፈጠረ በርቶ ሰላምታ ሰጠኝ። ትልቁ ባትሪ 83 በመቶ ላይ ነበር።

ጋራዡ ትንሿን ባትሪ ቀየረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ነገር ደገመ። ምክንያቱ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ስልኬ ላይ ያለውን አፕ በከፈትኩ ቁጥር መኪናዋ ትነቃለች፤ በሶፍትዌር ስህተት ተመልሳ መተኛት ግን አትችልም። ስትነቃ የምትበላው ደግሞ ከትንሿ ባትሪ ነው። አዲስ መኪና የገዛ ሰው ያንን አፕ በቀን ስንቴ እንደሚከፍተው እናንተው ገምቱ! አፕዴት መጣ፣ ችግሩ ቆመ። ይኸው ስድስት ወር አለፈው።

ከዚያ ወዲህ የተበላሸብኝን ሁሉ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ስክሪኑ እየነዳሁ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ በርቷል። አንድ የበር እጀታ ተቀይሯል። የቻርጅ መሰኪያውን የሚቆልፈው ፒን ተጣብቆ መለዋወጫው እስኪመጣ አምስት ሳምንት ጠብቄያለሁ። እነዚህ ሁሉ በዚህ ሞዴል ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡ ናቸው። ሞተሩና ትልቁ ባትሪ ግን ከድርጅቱ የቀድሞ መኪና የተወሰዱ ናቸው፤ እዚያ ሦስት ዓመት ሠርተዋል። እነሱ ኮሽ አላሉም።

ስለዚህ ዛሬ ብገዛ የምጠይቀው የሞዴሉን ዕድሜ ሳይሆን የዕቃዎቹን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የቴስላ ሞዴል ዋይ አዲስ ስም ይዞ ቢመጣም፣ ብዙ ዕቃው ከ2017 ጀምሮ ከተሸጠው ሞዴል 3 ጋር አንድ ነበር። እንዲህ ያለ መኪና ስለ ራሱ ታሪክ ባይኖረውም የታላቁን ታሪክ ማንበብ ይቻላል። ሻጩ «ሁሉ ነገሩ አዲስ ነው» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አይ የዋህነት! ዛሬ ቢለኝ እግሬ አውጪኝ ነው።

የድርጅቱ ስም ብቻውንም አይበቃም። ቶዮታን ማን ያማል? እ.ኤ.አ. በ2022 ቢዚ ፎር ኤክስ የተባለውን ኤሌክትሪክ መኪናውን ገና እንዳወጣ 2,700 ያህሉን መልሶ ጠርቷል። ባትሪው አልነበረም ጉዱ፤ የጎማ ብሎኖች ይላላሉ ተብሎ ነው።

ትልቁ ባትሪ አይታመምም እያልኩ አይደለም። ሼቭሮሌት ቦልት የተባለው ኤሌክትሪክ መኪና መሸጥ ከጀመረ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ በባትሪው የአመራረት ስህተት እሳት ሊነሳ ይችላል ተብሎ ከ140,000 በላይ መኪና ተጠርቷል። ግን ለትልቁ ባትሪ ብዙ ድርጅቶች 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎሜትር ዋስትና ይሰጣሉ። ለበር እጀታና ለስክሪን ያን ያህል አይሰጡም። የዋስትናውን ወረቀት ስታነቡ ከባትሪው ገጽ እለፉ። የእኔ ስህተት እዚያ ማቆሜ ነው።

ስለ ቀሪው ብዙ የምለው የለም። የትልቁን ባትሪ ጤና፣ ማለትም አዲስ ከነበረበት አቅም የቀረውን፣ በመመርመሪያ አንብቤው 97 በመቶ ነው። መኪናው ስለሚከብድና ጉልበቱ ድንገተኛ ስለሆነ ጎማ ይበላል። የፍሬን ሸራው ግን አዲስ ይመስላል፤ እግሬን ከፍጥነት መስጫው ሳነሳ አብዛኛውን የማቆም ሥራ ሞተሩ ይሠራዋል። መኪናዋን እወዳታለሁ፣ አልሸጣትም። አንድ ዓመት ጠብቄ ብገዛት ግን ይሻለኝ ነበር።

የራሴን ባትሪ ማስነሻም ገዝቻለሁ። መጀመሪያ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነበር ያስቀመጥኩት። የኋላው በር የሚከፈተው በኤሌክትሪክ መሆኑን እየሳቀ ያስታወሰኝ ያው ጎረቤቴ ነው። አሁን ከፊት ወንበር ስር ነው ያለው።